የላዳዋ ቦሎ የሚመሰክረው

ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው ሞተሩን አይደለም፤ በፊት መስተዋቱ ላይ የተለጠፈችውን ቦሎ ነው። ደላላውም ከጎን ቆሞ «ጌታዬ፤ ምርመራውን ያለፈችው በዚህ ሳምንት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ይላል። ገዢው የብዙ ዓመት ቁጠባውን ይዞ የመጣ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ፤ ይህች ትንሽ ወረቀት ልቡን ታሳርፈዋለች። እኛም ዛሬ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ወረቀቲቱ የሰው ልብ ታሳርፍ ዘንድ ይገባታልን? ነገሩን በጥቅሉ ከመናገርም ይልቅ፤ አዲስ አበባ አሳምራ የምታውቃትን ላዳን ምሳሌ አድርገን ልንመረምረው ወደድን።

ላዳ በትውልዷ ጣሊያናዊት ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1966 የሶቪየት መንግሥት ከፊያት ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፤ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶሊያቲ ከተማ ታላቅ ፋብሪካ አሠራ፤ መኪናዋም በ1970 መውጣት ጀመረች። መነሻዋ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠችው ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች ግን ለአገራቸው ክፉ መንገድ እንድትስማማ ሲሉ ላሜራዋን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላውንም ዲስክ ፍሬን አንሥተው በታምቡር ለወጡት። የዚሁ ዘር የሆነችው 2107 በሩስያ መሠራቷ የቀረው በ2012 ነው። እንግዲህ የመጨረሻዋ ላዳ እንኳ ዛሬ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው በከተማችን የታክሲ ሥራ ሲሠሩ የኖሩት ብዙዎቹ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። (በነገራችን ላይ፤ የጋራዦቻችን ቋንቋ አስቀድሞ የጣሊያን ስለ ነበረ፤ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታና ኩሽኔታ የሚሉት ስሞች እዚህ ተቀምጠው ጠበቋት። ቦሎ የሚለውም ቃል ከዚያው የመጣ ነው።)

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። መኪና በየዓመቱ ምርመራ ቀርቦ ቦሎውን ያሳድሳል። በመሣሪያ በተደራጀ ጣቢያ መንኰራኵሮቹ በሚሽከረከሩ የብረት ዘንጎች ላይ ይቆማሉ፤ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ መሣሪያው እያንዳንዱ መንኰራኵር ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል። በእንግሊዝ አገር ደንብ ለምሳሌ፤ እንደ ላዳ ያለች አሮጌ መኪና የእግር ፍሬኗ ጉልበት ከክብደቷ ከመቶ 50 እጅ እንዳያንስ ታዟል። የግራና የቀኙም ጉልበት እንዳይራራቅ ያስፈልጋል፤ ከተራራቀ መኪናዋ በድንገት ስትያዝ ወደ አንድ ወገን ትሳባለችና። ከዚያ ወዲያ መብራቱ፣ ጎማው፣ መሪው፣ የጭሱም ነገር ይታያል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምርመራው የሚለካው ፍሬን ቀዝቃዛ ፍሬን ነው፤ የሚረገጠውም ለጥቂት ሴኮንድ ነው። ላዳዋ ደግሞ የምትሠራው በሌላ ዓለም ነው። አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርድ፤ ሹፌሩም ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ በፍሬን ብቻ ሲይዛት፤ የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ እንደ ምጣድ ይግላሉ። የጋለ ሸራ መያዙ ይቀንሳል። ከዚህ የከፋው የፍሬን ዘይቱ ነገር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ያዛል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ ራሱ የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ዘይቱ ለዓመታት ያልተለወጠ ላዳ ጠዋት በምርመራ ጣቢያ በክብር አልፋ፤ ከሰዓት በኋላ በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ልታጣ ትችላለች። በዚህም መርማሪው ዋሸ ልንል አንችልም፤ ያየው እውነት ነበረ፤ ያየው ግን የጠዋቱን ነው።

የጭሱም ምርመራ እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ ለቆላ አየር የተመጠነውን ቤንዚን ለደጋውም ይሰጣል። ትርፉ ቤንዚን ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የጭስ መለኪያው ሥራ በዋናው ሞተሩ ሳይረገጥ ዝም ብሎ ሲዞር፤ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ጊዜ ነው። ሚኒሞን ደግሞ ማንም መካኒክ በአንዲት ብሎን ያስተካክለዋል። ዳገት ሲወጣ ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ ግን ሌላ ነው፤ ብሎኗም አትደርስበት። ስለዚህ ምርመራውን በንጹሕ ጭስ ያለፈች ላዳ እንጦጦን ስትወጣ ከኋላዋ ያለውን እግረኛ ሁሉ ብታጠቁር የሚገርም አይደለም።

«ይህች ዓይነት መኪና ምርመራ ታልፋለች፤ ያችኛዋ አታልፍም» የሚለውንም የተለመደ ወሬ በጥንቃቄ መስማት ያሻል። ላዳ በእንግሊዝ አገር ከ1974 እስከ 1997 ስትሸጥ ነበር። በዚያ በክረምት ለበረዶው ሲሉ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ደግሞ የላሜራ ጠላት ነው፤ ብዙዎቹን ላዳዎች የጨረሳቸው ዝገት ነው። በእኛ ከተማ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፤ ላሜራዋ ይቆያል፤ የሚያልቀው የፊት እግሮቿ መጋጠሚያ፤ ቦል ጆይንት የሚባለው ነው፤ ኮብልስቶኑና ጉድጓዱ ይበላዋል። አንዲት መኪና በሁለት አገር ሁለት በሽታ አላት ማለት ነው። የሰውነቷ ማማር ለእንግሊዛዊው ገዢ ትልቅ ምስክር ነው፤ ለእኛው ገዢ ግን እምብዛም አይነግረውም።

ከእንግሊዞቹ የምንቀናበት አንድ ነገር ግን አለ። የመኪና ምርመራቸው በ1960 ሲጀመር ዐሥር ዓመት የሞላቸውን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ በ1967 ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። የምንቀናበት ይህ አይደለም። ዛሬ በዚያ አገር ማንኛውም ሰው የአንዲቱን መኪና የሰሌዳ ቁጥር ቢያስገባ፤ መቼ አልፋ መቼ እንደ ወደቀች፣ በምን ምክንያት እንደ ወደቀች፣ በየጊዜውም ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደች ያለ ክፍያ ያነባል። ገዢው የሚያየው የዛሬውን ማለፍ ብቻ ሳይሆን፤ ያለፉትን መውደቆች ሁሉ ነው። በፊት ፍሬን ሦስት ዓመት በተከታታይ የወደቀች መኪና፤ አራተኛውን ዓመት ብታልፍም ባለቤቷ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ይታወቃል። ምርመራውም ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን እንደማይመለከት መንግሥቱ ራሱ በግልጥ ይናገራል።

እኛ ዘንድ የምትከበረው ያለፈችበት ወረቀት ናት፤ የወደቀችበት ግን ጋራዥ ደርሶ ተቀዶ ይጣላል። ለሹፌሩ ማዘንም ይገባል፤ ላዳዋ አንድ ቀን ከቆመች የዚያ ቀን የቤቱ ወጪ ቆመ ማለት ነው፤ ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ ቢቀርብ ክፋት ብቻ አድርገን አናየውም። ነገር ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ተማሪ የተዋሰው ጎማ መመለሱን በምን ታውቃለች? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ፤ ያሉት አሮጌዎች ቶሎ የሚወገዱ አይመስሉም። የወደቀችበት ወረቀት ከሊብሬው ጋር ተያይዞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ሥርዐት ቢኖር፤ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ያነሰ ወጪ ይጠይቃል ብለን እናምናለን።

እስከዚያው ድረስ ላዳ ለመግዛት ያሰበ ወጣት፤ ቦሎውን አይቶ ካመሰገነ በኋላ የወደቀችበትን ወረቀት ይጠይቅ። ክሪክ አስመጥቶ የፊት መንኰራኵሯን ከመሬት ያስነሣና ከላይና ከታች ይዞ ይወዝውዛት፤ ኳ ኳ ካለች የቦል ጆይንቱን ዋጋ ከሒሳቡ ይቀንስ። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠም ይጠይቅ። ሻጩ «ወረቀቱ ጠፍቷል፤ ዘይቱንም አላስታውስም» ካለ፤ ዘይቱ ተለውጦ፣ ጥሩ መካኒክም መሪውን ይዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ አብረው ይውረዱ። ፔዳሉ ከታች ሲደርሱ ከላይ እንደ ነበረው ጠንካራ ከሆነ፤ ያን ጊዜ ስለ ዋጋ መነጋገር ይቻላል።