የሠርግ ገንዘብ በሜሞሪ ላይ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሸቤ ይዤው ስለመጣሁት ጉዳይ ነው።

ልጁ ሞባይል ይጠግናል፤ በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና ፊልም እየጫነ ይሸጣል። ለሠርጉ 80 ሺህ ብር ቋጥሯል። ሰሞኑን ታዲያ በቴሌግራም የተዋወቀው ሰው «የሜሞሪ ቺፕ ፋብሪካዎች ትርፋቸው ጣሪያ ነክቷል፤ አክሲዮናቸው ግን ከትርፋቸው አንጻር ርካሽ ነው። ገንዘቡን ላክልኝና ልግዛልህ!» ይለዋል። የልጁ ልብ ሸፈተ። እጮኛው ደግሞ «ወይ እኔን ወይ ሜሞሪህን ምረጥ!» ብላ አኮረፈች። ወዳጄ ናትና «እስቲ አንተ ምከረው» ብላ ጠራችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ የሠራሁት ሂሳብ የሱቅ ዱቤ ነው። ነገሩን የፈቱልን የልጅቷ አባት ናቸው። ቡና ገበሬ ናቸው። ቡናው ተወቅጦ እስኪፈላ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ቡና በተወደደ ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ማሳዬን ለአምስት ዓመት ቢኮናተረኝ፣ የዘንድሮውን ገቢ በአምስት አባዝቶ ቢከፍለኝ፣ ማን ተጠቀመ?»

ልጁ ሳቀ። «እርስዎ ነዎታ!»

ለመሆኑ ሜሞሪ ቺፕ ከቡና በምን ይለያል? የአንዱ ፋብሪካ ሜሞሪ ከሌላው እምብዛም ስለማይለይ፣ ገዢ የሚያየው ዋጋውን ነው። ዋጋው ሲወደድ ሁሉም አዲስ ፋብሪካ ይተክላል። ፋብሪካው እንደ ቡና ችግኝ ዓመታት ይፈጃል። ሁሉም አንድ ላይ ሲያመርት ገበያው ይጥለቀለቅና ዋጋው ይወድቃል። በፈረንጅ አቆጣጠር የጀርመኑ ኪሞንዳ በ2009፣ የጃፓኑ ኤልፒዳ በ2012 የከሰሩት በዚህ ዓይነቱ ፉክክር ነው። ትልልቆቹ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ተረፉ። ማይክሮን ራሱ በ2023 ወደ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። በዓመቱ ግን ኤስኬ ሃይኒክስ እስከዚያ ድረስ በታሪኩ ከፍተኛ የሆነውን ትርፍ አገኘ፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆን ሜሞሪ ተፈልጎ ነው። አሁን ቻይናዎችም ገብተውበታል።

ልብ በሉ! አክሲዮን «ርካሽ» የሚባለው ዋጋው ለአንድ ዓመት ትርፍ ሲካፈል ነው። የዚያ ዓመት ትርፍ የጥጋብ ዘመን ትርፍ ከሆነ ስሌቱ ያታልላል።

በአገራችን እንሞክረው። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 የድርጅቱን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። እንግዲህ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ተገመተ ማለት ነው። የ2016 ትርፉ 21.8 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ብታካፍሉት ወደ 14 ይመጣል። ትርፉ ባለበት ቢቆምና ሁሉም ቢከፋፈል፣ ገንዘባችሁ በ14 ዓመት ይመለሳል ማለት ነው። ግን ባለበት ይቆማል ወይ? ሳፋሪኮም በ2015 ገበያው ውስጥ ገብቷል። ፉክክሩ ዋጋ ያስቀንሳል ወይስ ደንበኛ ያበዛል? አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው።

ወደ ሸቤው ልጅ ልመልሳችሁ። እዚያው ተቀምጠን ለቴሌግራሙ ሰው ሁለት ጥያቄ ላከለት፦ «በ2023 ስንት ከሰሩ? ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለህ?» ሰውየው መልስ ሳይሰጥ ብሎክ አደረገው! ልጅቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ምክሬ አጭር ነው። አክሲዮን መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የሚገዛው ለዓመታት በማትፈልጉት ገንዘብ ነው። የሠርግ፣ የቤት ኪራይና የእናት መድኃኒት ገንዘብ አክሲዮን አይገዛበትም። የማታውቁት ሰው «ላክልኝ» ሲላችሁማ ስልኩን ዝጉት።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔም ተጠርቻለሁ። ቸር እንሰንብት!