የቡና ፍሬ፣ አንጎልና እርጅና



ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለምና ወደ አለታ ወንዶ የተጓዘ ሰው በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው የተከመረው የእሸት ቡና ልጣጭ የኮመጠጠ ሽታ ሳይሰነፍጠው አያልፍም። እኛ የምንጥለውን ልጣጭ ጉጂና ቦረና በ«ቡና ቀላ» ከፍሬው ጋር በቅቤ አብስለው ይበሉታል፤ በሐረርም ተፈልቶ ይጠጣል። ዛሬ ግን ልጣጩ «አንጎልን ከእርጅና የሚጠብቅ» ተብሎ በዱቄትና በእንክብል መልክ በውጭ አገር ገበያ ይሸጣል። ማስረጃው ምን ያህል ነው?

ጠንከር ያለው ማስረጃ የካፌይን ነው። ካፌይን በቅርጹ ድካምንና እንቅልፍን የሚጠራውን አዴኖሲንን ስለሚመስል ወደ አንጎል ዘልቆ ገብቶ የተቀባዮቹን ቦታ ይይዝበታል። በሃዋይ 8,004 የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወንዶችን እስከ 30 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት፣ ቡና በማይጠጡት ላይ የፓርኪንሰን ሕመም ብዙ ከሚጠጡት ይልቅ አምስት እጥፍ ገደማ በዝቶ መገኘቱን ዘግቧል። ክትትል ግን መንስኤን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ሙከራ ካፌይን ሕመሙ አስቀድሞ የያዛቸውን ሰዎች እንቅስቃሴ እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ሆኖም ከእነዚሁ ተቀባዮች አንዱን የሚዘጋው ኢስትራዴፊሊን የተባለ መድኃኒት በጃፓን በ2013፣ በአሜሪካ በ2019 ለፓርኪንሰን ሕሙማን በተጨማሪ መድኃኒትነት ጸድቋል። ስለዚህ መንገዱ ከንቱ አይደለም፤ ስኒው ግን መድኃኒት አይደለም።

በፊንላንድ የተደረገ ጥናት በጎልማሳነታቸው በቀን ከሦስት እስከ አምስት ኩባያ የሚጠጡ ሰዎች በስተርጅና የመርሳት ሕመም አነስ ብሎ እንደታየባቸው ጠቁሟል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ በደስታ አትቁጠሩ፤ የእነርሱ ኩባያ የእኛ ስኒ አይደለም።

ወደ ልጣጩ ስንመለስ ማስረጃው ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአምራቹ ኩባንያ ተመራማሪዎች ለጥቂት ጤነኞች የፍሬውን ጭማቂ ሰጥተው የነርቭ ሕዋሳትን የሚያበለጽገው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ በ143 በመቶ መጨመሩን ጽፈዋል። ደም ግን አንጎል አይደለም፤ ለሰዓታት የዘለቀ ጭማሪም የትዝታ ጥበቃ አይባልም። በዚህ ጽሑፍ ተማምነው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ያቋረጡ አዛውንት ቢመጡባችሁ መልሳችሁ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የደረቀውን ልጣጭ ለምግብነት ፈቅዷል፤ ለእኛ አርሶ አደሮች በር ነው። ነገር ግን በእርጥበት የተቀመጠ ልጣጭ ኩላሊትን የሚጎዳው ኦክራቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከማጠቢያ ጣቢያው ናሙና ወስዳችሁ፣ በአልጋ ላይ የደረቀውን በመሬት ላይ ከደረቀው ጋር አወዳድራችሁ፣ በመጀመሪያ ይህንን መርዝ ለኩልኝ።