ሳይነቃበት መያዝ፦ ከፋንታሲ ፕሪምየር ሊግ ጋር ትውውቅ

የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግን የሚከታተል ሰው ዛሬ ዛሬ ሁለት ቡድን አለው። አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚደግፈው ክለብ ነው፤ ሁለተኛው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ የሚያሰልፈው የፋንታሲ ቡድኑ ነው። ፋንታሲ ፕሪምየር ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002/03 የውድድር ዘመን ሲሆን ዛሬ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተወዳዳሪዎች አሉት። ክፍያ የለውም፤ ስልክና ኢንተርኔት ይበቃል። እኛም አገር የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የዶርም ጓደኛሞችና የሰፈር ልጆች የየራሳቸውን ሊግ ከፍተው ሳምንቱን ሙሉ ሲበሻሸቁበት ይሰነብታሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የጨዋታ ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚህ ገንዘብ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ፣ በድምሩ 15 ተጫዋቾች ይገዛል። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይቻልም። በየሳምንቱ 11ዱን ያሰልፋል፣ 4ቱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣ አንዱን አምበል ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሠሩት ሁሉ ወደ ነጥብ ይቀየራል። 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የተሰለፈ 2 ነጥብ አለው። ጎል ያስቆጠረ አጥቂ 4፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ ደግሞ 6 ነጥብ ያገኛል። ለጎል ያመቻቸ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። መረቡን ሳያስደፍር የወጣ ቡድን ተከላካዮችና ግብ ጠባቂ 4 ነጥብ ይወስዳሉ። በየጨዋታው ጎልተው ለታዩት ከ1 እስከ 3 የሚደርስ የቦነስ ነጥብ ይጨመርላቸዋል። የአምበሉ ነጥብ በ2 ይባዛል።

ጀማሪ ተወዳዳሪ ገንዘቡን ስመ ጥር ተጫዋቾች ላይ ያፈሳል። ይህ ስህተት አይደለም። በ2024/25 ሞሐመድ ሳላህ 344 ነጥብ ሰብስቦ የውድድሩን ክብረ ወሰን ይዟል፤ እርሱን ያልያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተንገብግቧል። ነገር ግን ሳላህን አብዛኛው ተወዳዳሪ ይዞት ነበር። ሁሉም የያዘው ተጫዋች ከኋላ እንዳትቀር ይረዳሃል እንጂ ከፊት አያደርስህም። ከፊት የሚያደርሰው በርካሽ ዋጋ የተገዛ፣ ገና ያልተነቃበት ተጫዋች ነው። እርሱ የሚያተርፈው ገንዘብም ውዱን ኮከብ ለመግዛት ያስችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያው ጆን ሉንድስትራም ነው። በ2019/20 ሼፊልድ ዩናይትድ ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲመለስ ፋንታሲው ሉንድስትራምን በተከላካይነት መዝግቦ 4 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ አወጣለት። ልጁ ግን ሜዳ ላይ የሚጫወተው አማካይ ሆኖ ነበር። በጥቅምት ወር፣ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 2 ቀን 2019፣ ቡድኑ በርንሌይን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለቱን ጎሎች ያስቆጠረው እርሱ ነው። ሒሳቡን እንይ፦ ለሁለቱ ጎሎች 12፣ መረቡ ስላልተደፈረ 4፣ ለተሰለፈበት ደቂቃ 2፣ ቦነስ 3፤ በጠቅላላው 21 ነጥብ። አማካይ ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ 16 ብቻ ያገኝ ነበር። በፋንታሲ መዝገብ ላይ ያለው ቦታና ሜዳ ላይ ያለው ቦታ ሲለያዩ ትርፉ ይህን ያህል ነው፤ ያልተነቃበትን ተጫዋች የሚጠቁመው የመጀመሪያው ምልክትም ይህ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ኮል ፓልመር በ2023 የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ከማንችስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ ሲሄድ ዋጋው 5 ሚሊዮን ነበር። በኦክቶበር በርንሌይ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ አስቆጠረ፤ ቀጥሎ በአርሰናል፣ በቶተንሃምና በማንችስተር ሲቲ ላይም እንዲሁ። የቡድኑ ፍጹም ቅጣት ምት መቺ እርሱ መሆኑን በጊዜ ያየ ሰው በርካሽ ገዛው። ፓልመር ዓመቱን በ22 ጎልና በ244 ነጥብ ጨረሰ። ከጎሎቹ 9ኙ ከፍጹም ቅጣት ምት የተገኙ ናቸው። እንዲህ በርካሽ የተገኙ ኮከቦች ቀደም ሲልም ነበሩ፦ በ2015/16 ሌስተር ሲቲ ዋንጫ ሲያነሳ ሪያድ ማህሬዝ በ5.5፣ ጄሚ ቫርዲ በ6 ሚሊዮን ይገዙ ነበር።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ደቂቃ ነው። ተቀይሮ ገብቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጎል ያገባ ወጣት ያጓጓል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሊያመሽ ይችላል። በተከታታይ በቋሚነት ተሰልፎ 90 ደቂቃ የጨረሰ ድምፅ አልባ ተጫዋች ይሻላል። ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ ይህ ሐሳብ ሌላ ድጋፍ አግኝቷል። በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ በመከልከል፣ በማቋረጥና በመንጠቅ 10 የሞላ ተከላካይ 2 ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል። ደካማ ቡድን ውስጥ ሲከላከል የሚውል ርካሽ የመሀል ተከላካይ ዛሬ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ተጫዋቹን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ሳምንቱን መምራት ሌላ ነው። በየሳምንቱ አንድ ነጻ ዝውውር አለ፤ ካልተጠቀሙበት እስከ 5 ድረስ ይጠራቀማል። ከተፈቀደው በላይ ለሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ አዲሱ ተጫዋች ከሚወጣው ከ4 ነጥብ በላይ ብልጫ የማያመጣ ከሆነ መታገሥ ይበጃል። አንድ መጥፎ ሳምንት አይቶ በንዴት ሦስትና አራት ሰው መቀየር የብዙዎች ውድቀት ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብልህ ተወዳዳሪ የሚቀጥለውን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን አራትና አምስት ሳምንታት መርሐ ግብር ያያል። ቀላል ተጋጣሚዎች የተደረደሩለትን ክለብ ቀድሞ ይለያል፤ ሌላው ሲነቃና የተጫዋቾቹ ዋጋ ሲጨምር እርሱ ከያዛቸው ይሰነብታል።

ሰዓትም አይዘንጋ። ቡድን የማስተካከያው በር የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የቅዳሜው የቀን ጨዋታ የመጀመሪያው ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት በሩ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እንግሊዞች በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 8 ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ማታ ጨዋታ ባለበት ሳምንት ግን ሁሉም ነገር ዓርብ ያበቃል። አሰልጣኞች ስለ ጉዳተኞች መግለጫ የሚሰጡት በአብዛኛው ሐሙስና ዓርብ ስለሆነ የመጨረሻውን ውሳኔ ከመግለጫው በኋላ ማድረግ ይመረጣል።

አዲስ ለምትጀምሩ ምክሬ ይህ ነው፦ ሁለት ሦስት ውድ ኮከቦች ያዙ፤ የቀረውን ገንዘብ በየሳምንቱ ለሚሰለፉ ርካሽ ተጫዋቾች አውሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤት አትደናገጡ። ውድድሩ 38 ሳምንት ነው። ብዙዎች አጋማሹ ላይ ቡድናቸውን ይተዉታል፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ቡድኑን የሚከታተል ሰው በዚህ ብቻ ብዙዎቹን ይቀድማል።