የአእምሮ ሕመም በምን ይታከማል?

በሰፈራችን በሳሪስ አቦ አንድ ሰው አእምሮው ሲታወክ ቤተ ዘመዱ አስቀድሞ የሚያስበው ጠበልን ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ሕክምናው ግን ክኒን ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ባስጀመረው የንግግር ሕክምና፥ «እኔ የማልረባ ነኝ» የሚል ድብርተኛ «ማስረጃህ ምንድር ነው?» ተብሎ ሐሳቡን ራሱ እንዲመረምር ይደረጋል። ከቤት መውጣት የሚያስፈራውም ዛሬ እስከ ደጃፉ፥ ነገ እስከ አስፋልቱ እንዲሄድ ይታዘዛል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ለድብርትና ለጭንቀት መጥቀሙ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል።

የሌለ ድምፅ ለሚሰማው ሰው ግን ንግግር ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒትም ያሻዋል። እኔን የሚያሳስበኝ መጠመቁ አይደለም፤ እየተጠመቁም መዋጥ ይቻላልና። የሚያሳስበኝ ጠበል ሲጀመር ክኒኑ መጣሉ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል።