ስለ ቁማር መኪና ፈቃድና ስለ ቤት ገንዘብ

ከመዘዞ ገበያ በጉንና ገብሱን ሸጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ባለቤት በኪሱ የያዘው ገንዘብ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚስቱ ድካም፥ የልጆቹ ልብስ፥ ለከርሞ የሚዘራውም ዘር አለበት። ስለዚህ የቁማር ፈቃድ ነገር የመሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ነውና፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ወደድን።

በአገራችን የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 535 መሥሪያ ቤቱን እንደገና ሲያቋቁመው፥ ለሌሎች የሎተሪ ሥራ ፈቃድ የመስጠትንና የመቈጣጠርን ሥልጣን ጨምሮ ሰጠው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም በዕድል ጨዋታ በተገኘ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ወሰነ።

ነገር ግን ሎተሪና የቁማር መኪና ጠባያቸው አንድ አይደለም። የሎተሪ ቲኬት የገዛ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ወደ እርሻው ወይም ወደ ጽሕፈቱ ይሄዳል። መኪናው ግን ወዲያው ይመልሳል፥ ወዲያውም ሌላ ይጠይቃል። ባለሦስት መንኰራኵሩን መኪና በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሠራው ቻርልስ ፌይ የሚባል መካኒክ ነበር፤ ዘመኑም የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ሳንቲም አጕርሶ እጀታውን ለሳበ ሰው ሥዕሎቹ ከገጠሙለት መኪናው ራሱ ገንዘብ ይተፋለታል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1934 የኒው ዮርክ ከንቲባ ላጓርዲያ መኪናዎቹን በመዶሻ እየሰበረ በውሃ አሰጠመ። የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ግን ከዚያ በፊት በ1931 ቁማርን በሕግ ፈቅዶ ነበር፤ በደንቡም መኪናው ከሚጐርሰው ቢያንስ 75 በመቶውን እንዲመልስ ታዘዘ።

75 በመቶ ሲባል ጆሮን ደስ ያሰኛል። ሆኖም በመቶ ብር የጀመረ ሰው የተመለሰለትን ሁሉ መልሶ ቢያጐርስ፥ በአማካይ ሲታሰብ፥ ከሦስት ዙር በኋላ የሚቀረው 42 ብር ያህል ነው። የተጠራጠረ ካለ የገበጣ ጠጠር ይዞ ያስላው፤ ገበጣ እንኳ ጠጠሩን ለማንም አይበላም።

እኛ መንግሥት ፈቃድ መስጠቱን አንነቅፍም፤ የተሰወረ ቁማር ከተገለጠው ይልቅ ቤት ያፈርሳልና። የምንለምነው ግን ግብሩ ብቻ እንዳይታይ ነው። መኪና በተፈቀደበት ቤት ሁሉ ከፈቃዱ ወረቀት አጠገብ፥ መኪናው ከመቶ ብር ስንቱን እንደሚያስቀር በጕልሕ አማርኛ ተጽፎ ይሰቀል።