አማሮኔ የሚባለው ቀይ የወይን ጠጅ

በኢጣልያ አገር፣ ከቬሮና ከተማ አጠገብ፣ ቫልፖሊቼላ የሚባል ኮረብታማ ስፍራ አለ። በዚያ አማሮኔ የሚባለው ቀይ የወይን ጠጅ እንዴት እንደሚሠራ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን።

ኮርቪናና ሮንዲኔላ የሚባሉት የወይን ዘለላዎች በመስከረም ወይም በጥቅምት ከተለቀሙ በኋላ ወዲያው አይጨመቁም። ነፋስ በሚገባበት ሰገነት፣ በርብራብ ላይ ተዘርግተው ከ100 እስከ 120 ቀን ይቆያሉ። በዚህም ጊዜ ከክብደታቸው ሲሶ ያህል ይጐድላል፤ ነገር ግን ውሃው ሲቀንስ ስኳሩና ጣዕሙ ይበረታል። ሻጋታ ቢገባበት የዓመቱ ድካም ከንቱ ነውና ባለወይኑ ሳይታክት ይጠብቀዋል።

በቀድሞው ዘመን ከዚህ ዘለላ የሚፈለገው ሬቾቶ የሚባለው ጣፋጭ ጠጅ ነበር። ስኳሩ ሁሉ ፈልቶ ያለቀ እንደ ሆነ ግን ጠጁ ይመራል፤ ይህም እንደ ጉድለት ይቈጠር ነበር። አማሮኔ የሚለው ስምም የወጣው ከዚሁ ከመራራነቱ ነው። ዛሬ ግን የተናቀው መራራ የአገሩ መኩሪያ ሆኖ፣ በ2010 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢጣልያ የወይን ጠጅ ሕግ ከፍተኛውን ማዕርግ አገኘ።

አልኮሉ ከመቶ 14 የማያንስ ስለ ሆነ፣ ከጥብስ ሥጋ ወይም ከቈየ አይብ ጋራ በጥቂቱ ሊጠጡት ይገባል። ብዙ ወራት የተጠበቀውን ነገር ባንድ ጊዜ መጨለጥ ለጤናም ለክብርም አይበጅም።