የሸራ ጉዞ ወደ ንጋት ሐይቅ ደሴቶች

ባሕር በሌለው አገር ተማሪ ስለ ሸራ ጀልባና ስለ ቆላ ደሴት ሲያወራ ሰሚው ቢስቅ አንቀየምም። ዳሩ ግን ከአሶሳ ለሚነሣ ሰው ነገሩ ሕልም መሆኑ ቀርቷል። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከኋላው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ተኝቶ ነበር። ስሙም ንጋት ተባለ። ውሃው ሸለቆውን ሲውጠው የኮረብቶቹ ጫፎች ብቻ ቀሩ፤ ደሴቶች የምንላቸውም እነዚሁ ናቸው።

የጉዞ ዕቅድ ከማውጣታችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። የጣና ደሴት ዘንድሮም ለከርሞም ደሴት ነው፤ የንጋት ደሴት ግን ወር ይጠብቃል። ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ኃይል ለማመንጨት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ ደግሞ 590 ሜትር ነው። በየዓመቱ እስከዚያ ይወርዳል ማለታችን አይደለም። ሆኖም ጫፉ 645 ሜትር የሆነ ኮረብታ በመስከረም ትንሽ ደሴት ሆኖ ቢታይ፣ በሰኔ ከየብስ ጋር ሊጋጠም፣ ዙሪያውም ጭቃና የደረቀ ቀርከሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ደሴቱ የት ነው?» ከማለት በፊት «ውሃው ዛሬ ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከግድቡ በፊት የተነሣ የከፍታ ካርታ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የ640 ሜትሩን መስመር በቀለም እርሳስ ብንከተል የሙሉው ሐይቅ ዳርቻ ይወጣልናል፤ በውስጡ ተዘግቶ የሚቀረው ክብ ሁሉ ደሴት ነው። ይህን ለመሥራት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪም ይችለዋል። ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ያለው ቦታ ግን ከሁሉ ይልቅ ያሠጋል። የሰጠመ ዛፍ ከውሃው በታች ቆሞ የጀልባ ሆድ ይቀዳልና። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1963 በተሞላው የካሪባ ሐይቅም የሞቱ ዛፎች ለብዙ ዘመን ቆመው ታይተዋል።

ወቅቱስ? እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች ከሸፋርታክ ድልድይ ተነሥተው በዓባይ ወደ ሲርባ ሲወርዱ ሆን ብለው የመረጡት ክረምትን ነበር፤ ፏፏቴውንና ድንጋዩን የሚሸፍንላቸው ጎርፍ ነበረና። እኛ ተቃራኒውን እንመርጣለን። ከኅዳር እስከ ጥር ዝናቡ ያቆማል፣ ሐይቁ ገና ብዙ አይጎድልም፣ ሙቀቱም ገና አይከብድም። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ሐይቁ ደግሞ ከግድቡ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚዘረጋ ሸራውን ከጎን ይመታዋል ማለት ነው። በኮረብቶች መካከል ግን ነፋስ አመል የለውም፤ መቅዘፊያ ሳይዙ መሄድ ጅልነት ነው።

አሶሳ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት። በሆሞሻና በሸርቆሌ በኩል ወደ ዓባይ ስንወርድ ደጋውን ብቻ ሳይሆን የለመድነውንም ጤና ትተን እንወርዳለን፦ ወባ አለ፣ አዞ አለ፣ ጉማሬም አለ። አጎበር፣ የተጣራ ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ ማዳኛ ጃኬት መያዝ ግድ ነው። ዋናተኛ ነኝ የሚል ጓደኛም ጃኬቱን ይልበስ።

ፈቃድ ሳይዙ መነሣት አይሆንም፤ ወደ ግድቡም መጠጋት አይገባም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ስንት ሰው እንዳለቀ የሚያስታውስ ይህን እንደ ተራ ወረቀት አያየውም።

ካርታው የማይነግረን ነገር ደግሞ አለ። በዚህ ሸለቆ ጉሙዞች ማሽላ ይዘሩ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ወርቅ ያጥቡ ነበር፤ ውሃው ሲመጣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሥተዋል። ኮረብታው ደሴት ከመሆኑ በፊት ስም ነበረው። ስሙን በጉሙዝ ወይም በበርታ ቋንቋ የሚያውቅ ሽማግሌ ከመርከበኛ ቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ የት ድንጋይ፣ የት ዛፍ እንደነበረም የሚያውቀው እሱ ነው።

ከእኛ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ቀኑን፣ የውሃውን ከፍታና የደሴቱን ስም ጽፎ ቢያመጣልን በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን።